ስለ ብስክሌት ፔዳል ጠየቃችሁኝ፤ እነሆ መልሱ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባሕር ዳር ላይ በብስክሌት ወደ ሥራ ስመላለስ 17 ዓመት አለፈኝ። ፔዳሌን ራሴ ነው የምፈታው፣ ራሴ ነው የምገጥመው። ዋጋው የማይጎዳ ጥሩ ፔዳል ስለመምረጥ ከየቦታው የጠየቃችሁኝን ዛሬ በተራ እመልሳለሁ። የማወራው ስለ ጠፍጣፋው ፔዳል ነው፤ በማንኛውም ጫማ ስለሚረገጠው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ በየቀኑ ከቀበሌ 14 ፔዳ ወደሚባለው ሰፈር እመላለሳለሁ። ሱቅ ውስጥ ፕላስቲክም አልሙኒየምም አለ። አልሙኒየሙ እጥፍ ዋጋ ነው። ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ?

ይቅርብህ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ለአንተ መንገድ ጥሩ ፕላስቲክ ይበቃሃል። ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ቀጭንና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በአውራ ጣት ስትጫነው ይለመጣል። እሱን ተወው። ሌላው ናይለን ነው። ደብዘዝ ያለ፣ ወፍራም፣ ስታንኳኳው ድፍን ድምፅ የሚሰጥ። ናይለን ኮብልስቶን ቢመታው ይፋቃል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም።

አልሙኒየም መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ርካሽ አልሙኒየም ግን ከጥሩ ናይለን አይሻልም። ፔዳልን የሚገድለው አካሉ ሳይሆን ዘንጉ፣ ማለትም ፔዳሉ የሚዞርበት ብረት፣ እና ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ነው። ይህን የተማርኩት ወድቄ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ብልጭልጭ አልሙኒየም ገዛሁ። በሦስተኛው ወር የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ፣ ብድግ ብዬ ስረግጥ፣ የግራው ዘንግ ከሥሩ ተቆረጠ። ጉልበቴ አስፋልቱ ላይ አረፈ። ከኋላዬ የነበረው ባጃጅ ለጥቂት ነው የሳተኝ። ማታ የተቆረጠውን ቦታ በባትሪ አየሁት። ግማሹ ዝጓል፤ ግማሹ እንደ አዲስ ብር ያበራል። የዛገው በኩል ስንጥቁ ቆየት ብሏል ማለት ነው። እኔ ሳላውቅ ለሳምንታት ስንጥቅ ላይ ስረግጥ ነበር። የፔዳሉ አካል ግን ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ስለዚህ ገንዘብ የምትጨምር ከሆነ ለዘንጉ ጨምር። ዘንጉ ክሮሞሊ የሚባለው ብረት ከሆነ ከተራው ብረት ይበልጣል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሱቅ ላይ ቆሜ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለየው?

በጣቶችህ። መጀመሪያ ነጋዴው ላስቲኩን ይቅደድልህ። አልቀድም ካለ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ዘንጉን በሁለት ጣት ያዝና ፔዳሉን ቀስ ብለህ አዙረው። ከረር ከረር የሚል ነገር ጣትህ ላይ ከተሰማህ መልሰው። ሽው ብሎ ብዙ ከዞረም ደስ አይበልህ፤ ውስጡ ግሪስ ላይኖር ይችላል። ትንሽ ያዝ እያደረገ፣ ግን ለስልሶ የሚዞረው ነው ጥሩው። ከዚያ ዘንጉን አጥብቀህ ይዘህ ፔዳሉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ቀጭ ቀጭ ካለ ከአሁኑ ላልቷል።

ቀጥሎ የውጭውን ጫፍ ተመልከት። የሚነሳ ክዳን አለው? ክዳኑ ሥር ዳዶ ካለ ፔዳሉ ይከፈታል ማለት ነው። ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ ግሪስ ይቀባል፣ ተመልሶ ይሠራል። ለእኔ ዋናው መለያ ይህ ነው። ከማይከፈት አዲስ ፔዳል ይልቅ የሚከፈት ያገለገለ ፔዳል እመርጣለሁ። አንዳንዱ ርካሽ ፔዳል ውስጡ ጭራሽ ብይ፣ ማለትም የኩሽኔታው ትንንሽ የብረት ኳሶች፣ የለውም፤ ዘንጉ በፕላስቲክ ቀለበት ላይ ነው የሚዞረው። ለልጅ መጫወቻ ካልሆነ ለሥራ አይሆንም።

ማርቆስ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። ዳገት ላይ ብድግ ብለህ ስትረግጥ እግርህ እንዳይንሸራተት ሰፋ ያለውን፣ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋውን ውሰድ። ላዩ ላይ ጉጦች ይኑሩት።

ከፍኖተ ሰላም፦ የግራውን ፔዳል ቀየርኩ። አልገባ ሲለኝ በጉልበት አስገባሁት። አሁን በየሁለት ቀኑ ይላላል። ፔዳሉ ፌክ ነው?

ወንድሜ፣ ፔዳሉ ላይሆን ይችላል። የግራ ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ካዞርከው አይገባም፤ ከገፋኸው የክራንኩን (ፔዳሉ የሚገጠምበት የብረት ክንድ) ጥርስ ይበላዋል። ዘንጉ ጫፍ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤል ካለ ግራ፣ አር ካለ ቀኝ ነው። ቀኝና ግራ ተለዋውጦብህም ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እሱን እይ።

ለምን እንዲህ ተሠራ የሚል ሌላም ጠያቂ ነበር። በምትረግጥበት ጊዜ ክብደትህ ዘንጉን ቀዳዳው ውስጥ እያንከባለለ በጥቂት በጥቂቱ ያዞረዋል። በግራ በኩል ተራ ጥርስ ቢሆን ኖሮ ይህ መንከባለል ይፈታው ነበር። አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ቀድሞ ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። እነሱም በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ በሚሠሯቸው ብስክሌቶች ላይ ይህንኑ የግራ ጥርስ አውለውታል።

ለማስታወስ ቀላል መንገድ አለ። ባለ 15 ሚሊ ሜትሩን ቁልፍ ዘንጉ ላይ አስገባና ወደ ሰማይ አቁመው። ለማጥበቅ ወደ ፊት ጎማ ግፋ፤ ለመፍታት ወደ ኋላ ጎማ ሳብ። በሁለቱም በኩል ያው ነው። ስትገጥም ጥርሱን ግሪስ ቀባና የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙሮች በባዶ ጣት አዙር። በጣት እንቢ ካለ በቁልፍ አትሞክረው። የአንተ ክራንክ ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ቶርኖ ቤት ውሰደው፤ ቀዳዳውን አስፍተው ቀለበት ይጨምሩለታል። ጥርሱ በተበላ ክራንክ ግን እባክህ ዋና መንገድ ላይ አትውጣ።

ከቢቸና፦ መምህርት ነኝ። ቀሚስና ስስ ሶል ያለው ጫማ ነው የማዘወትረው። የብረት ጉጥ ያለው ፔዳል ጫማዬን ቦጨቀው፣ ቅልጥሜንም ላጠኝ። ለስላሳው ደግሞ በዝናብ ያንሸራትታል። ምን ይሻለኛል?

እህቴ፣ ላዩ ላይ ጎማ የተለጠፈበትን ፈልጊ። በድሮዎቹ ከባድ የቻይና ብስክሌቶች ላይ ያለው ዓይነት ነው፤ ጎማው በመስመር በመስመር የተቦረቦረ። እርጥብ ጫማ ይይዛል፣ ጫማም አይበላም። ጎማው በእጅ ሲጎተት የሚንሸራተት ከሆነ አትግዢው። ከጠፋ ደግሞ ጉጦቹ ከራሱ ከናይለኑ የወጡት ይሁንልሽ። የብረት ጉጡ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ያለሽንም ማዳን ትችያለሽ፦ መሀሉ ላይ ያሉትን በብሩጎላ ቁልፍ አውጪና ዳር ዳር ያሉትን ብቻ ተዪ።

ከሞጣ፦ የልጄ ብስክሌት ላይ አዲሱ ፔዳል ሰፍቶ አልገባም አለ።

ሁለት ልክ ስላለ ነው። የአዋቂ ብስክሌት ፔዳል ባብዛኛው ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው፤ በማስመሪያ ሲለካ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሁለቱ የክራንክ ክንዶች ከአንድ ወጥ ብረት ታጥፈው የተሠሩበት ብስክሌት ግን የሚወስደው ግማሽ ኢንች ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር ሊሆን ጥቂት የቀረው። አሮጌውን ፔዳል ፍታና ይዘኸው ሱቅ ሂድ።

ከዳንግላ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ 60 አልፏል። በረገጥሁ ቁጥር ቀኝ በኩል ቋ ይላል። ፔዳል ልቀይር?

አባቴ፣ ለመግዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ፔዳሉን ያስፈቱት፣ ጥርሱን በጨርቅ ያስጠርጉ፣ ግሪስ አስቀብተው በደንብ ያስጠብቁት። ብዙውን ጊዜ ድምፁ የሚመጣው ከደረቀ ጥርስ ነው። አሁንም ቋ ካለ ክራንኩን በእጅዎ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት። ከተነቃነቀ ችግሩ ያለው የመሀሉ ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ፔዳል ቢቀይሩ ገንዘብዎ ይባክናል።

ከቡሬ፦ በዓመት ስንት ጊዜ ግሪስ ይቀባል? በእኛ ጭቃ ፔዳል አይበረክትም።

እኔ ሁለት ጊዜ ነው የምቀባው። አንዱን በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ሌላውን መስቀል ሲያልፍ፣ ጭቃው ሲደርቅ። ነጭ ጨርቅ አንጥፍና እሱ ላይ ሥራ፤ ብዮቹ የምስር ፍሬ አክለው ጥቁር ስለሆኑ ወለል ላይ ከወደቁ አታገኛቸውም። ክዳኑን አንሳ፣ ዳዶውን ፍታ፣ የወጡትን ብዮች ቁጠር፣ ቁጥሩን ጻፍ። በናፍጣ እጠባቸው። የተቦረቦረ ካለ ሁሉንም ቀይር፤ አዲስና አሮጌ አትቀላቅል። ቀዳዳውን በግሪስ ሞልተህ ብዮቹን አንድ በአንድ ስካ፤ ግሪሱ ራሱ ይይዛቸዋል። ስትዘጋ ዳዶውን አታነቀው። ሳይነቃነቅ በነፃ ሲዞር፣ እዚያ ላይ አቁም። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጅብሃል፤ ሲለመድ ሩብ ሰዓት ነው።

ጭቃውን በውኃ ግፊት አታሳጥበው። ግፊቱ ግሪሱን ጠርጎ ውኃውን ውስጥ ይተወዋል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ከባሕር ዳር፦ ጫማ የሚቆልፈው የእሽቅድምድም ፔዳል ለከተማ ይሆናል?

ለሥራ መመላለሻ አልመክርም። የራሱ ጫማ ይፈልጋል፤ መብራትና አደባባይ በበዛበት መንገድ ደግሞ እግርህ በቶሎ መሬት መንካት አለበት።

ከደጀን፦ የተሰበረው ቀኙ ብቻ ነው። ነጋዴው ነጠላ ይሸጥልኛል። ግማሽ ዋጋ ነው፤ ልግዛ?

ከፍታውና ስፋቱ ከግራው ጋር እኩል ከሆነ ግዛ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸው። አንዱ በግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ ከወፈረ ጉልበትህን ቀስ በቀስ ሊያምህ ይችላል፤ ያኔ ጥንዱን ውሰድ። የግራውን ግን አትጣለው። ዘንጉና ብዮቹ ለሌላ ቀን ይሆናሉ፤ እኔ እንዲህ ያጠራቀምኩት አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ።