አንድሮሜዳ የማን ልጅ ነበረች?

ውድ ወጣቶች፣

በቅርቡ አንድ የቴአትር ተማሪ «ጋሼ፣ የግሪክን ጀግና ጥቁር ተዋናይ ሲሠራው ታሪኩን መካድ አይሆንም?» ብሎ ጠየቀኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ትሮይ ጦርነት የተሠራውን ተከታታይ ፊልም ማለቱ ነበር፤ እዚያ ላይ አኪሌስን የተጫወተው ዴቪድ ጊያሲ ጥቁር እንግሊዛዊ ነው። ወዲያው አልመለስኩለትም። ጥያቄው ከብዙ ዘመን በፊት ወዳየሁት ነገር መልሶኝ ነበርና።

ጎረምሳ ሳለሁ በተወለድኩባት ከተማ፣ በቀበሌው አዳራሽ የምንሰባሰብ የአማተር ቴአትር ቡድን ነበረን። አንድ ጊዜ አዘጋጃችን ከግሪክ አፈ ታሪክ የአንድሮሜዳን ታሪክ ለመድረክ ለማብቃት ተነሳ። እናቷ ንግሥት ካሲዮፒያ በውበት ከባሕር አማልክት ልጆች እንበልጣለን ብላ ትመካለች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ የባሕር አውሬ ይልካል፤ አንድሮሜዳ ለአውሬው መሥዋዕት እንድትሆን ከዐለት ጋር ትታሰራለች፤ ጀግናው ፐርሲየስ ደርሶ ያድናታል። አባቷ ሴፊየስ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው።

ከመካከላችን ለመድረክ የተፈጠረች አንዲት ልጅ ነበረች። መልኳ ጥቁር፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ያለ ማይክሮፎን ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ድረስ የምትሰማ። ገጸ ባሕሪዋ የእርሷ መሆኗን ማናችንም አልተጠራጠርንም። አዘጋጁ ግን «የግሪክ ታሪክ ስለሆነ ቀይ ልጅ ያስፈልገናል» አለና ለሌላ ሰጠ። ለእርሷ ችቦ የምትይዝ አገልጋይ መሆን ደረሳት።

በሜካፕ በኩል የምረዳው እኔ ነበርኩ። የተመረጠችው ልጅ ቅላቷ አልበቃ ብሎ ፊቷን በነጭ ፓውደር ሸፈንነው። የመድረኩ መብራት ሲግል ላቧ ፓውደሩን እየሰነጠቀ ወደ አገጯ ወረደ፤ ከአንገቷ በታች የራሷ መልክ በመስመር ተለይቶ ይታይ ነበር። እንደዚያ ሆና «እኔ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነኝ!» ስትል በአዳራሹ ውስጥ ግር ያለው ሰው አላየሁም። ችቦ ያዥዋ ቃለ ተውኔቱን በሙሉ አጥንታው ኖሮ፣ ዋናዋ ተዋናይት በዘነጋች ቁጥር ከመጋረጃው ጀርባ ሆና በሹክሹክታ ታቀብላት ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ወደ ቡድኑ አልተመለሰችም። ትዳር ይዛ ከከተማው ወጣች ሲሉ ሰማሁ። ያ ድምፅ በአንድም ትልቅ መድረክ ላይ ሳይሰማ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኦቪድን ያነበብኩት ከዚያ በጣም ዘግይቼ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ በአንድ ግጥሙ አንድሮሜዳ በአገሯ ሰው መልክ ጠይም እንደነበረችና ፐርሲየስም በዚያው መልኳ እንደወደዳት በግልጽ ይናገራል። ይኸው ሰው በሌላ ሥራው ከዐለቱ ጋር ታስራ ስትታይ የእብነ በረድ ሐውልት ትመስል ነበር ይላል፤ ሐውልት አለመሆኗን ያሳወቁት በነፋስ የሚወዛወዘው ጸጉሯና እንባዋ ናቸው። እርሱ የተናገረው ስለ አለመንቀሳቀሷ ነበር። በኋላ የመጡት የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን እብነ በረዱን ብቻ ያዙ፤ ቲሺያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሣላት አንድሮሜዳ ፍጹም ነጭ ናት። ፊልሞቹም ይህንኑ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ጁዲ ባውከር፣ በ2010 አሌክሳ ዳቫሎስ፣ በ2012 ሮዛመንድ ፓይክ ተጫወቷት። የ1981ዱ ፊልም አገሯን ኢዮጴ አደረገው፤ ለዚህስ የጥንት ጸሐፊዎች ድጋፍ አለው። የ2010ሩ ወደ ግሪክ ከተማ ወደ አርጎስ ወሰዳት። «ለታሪኩ ታማኝ ሁኑ» የሚለው ጩኸት ያን ጊዜ የት ነበር? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ወደ አኪሌስ ልመለስ። ተማሪው እውነት አለው፤ የኢሊያድ ባለቅኔ ሆሜር ለአኪሌስ ወርቃማ ጸጉር ሰጥቶታል፤ አምላኳ አቴና ከኋላው መጥታ የያዘችው ያንኑ ጸጉር ነው። ሆኖም ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው የሼክስፒር «ኦቴሎ» በአማርኛ ለመድረክ ሲበቃ፣ የጥቁሩ ኦቴሎ ነጭ ሚስት ዴዝዴሞናም፣ ነጩ ጠላቱ ኢያጎም ሐበሾች ነበሩ። የቴአትሩ ጠብ ያለው በመልክ ልዩነት ላይ ሆኖ ሳለ ተመልካቹ አልቅሶ ነው የወጣው። ስለዚህ ለእኔ ጥሩ ተዋናይ ማንንም ይጫወታል። ታዲያ አንድሮሜዳ ላይ ስደርስ ለምን መልኳ ይገደኛል? የሚጋጭ ሐሳብ እንደያዝኩ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም አልተውም። አኪሌስን የሚጫወቱት መቼም አልጠፉም፤ ያቺን ጥቁር ልጅ ግን የራሷ ከሆነው ታሪክ ነው ያስወጧት።

የዛሬ ልጆች የሁለት ደቂቃ የፊልም ማስታወቂያ አይታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ትሰዳደባላችሁ። መጽሐፉን የከፈተ ግን በመካከላችሁ እምብዛም አላገኝም። በሌላ በኩል እኛ በዚያ አዳራሽ ያልጠየቅነውን እናንተ ትጠይቃላችሁና በዚህ እኮራባችኋለሁ። ብቻ አንድሮሜዳን ጎንደር ተወለደች አትበሉብኝ። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ ከሁሉ በላይ ኑቢያን፣ ማለትም የዛሬዋን ሱዳን አካባቢ ነበር፤ አንዳንዴም ወደ ምሥራቅ ያሻግሩታል። የሆሜር አማልክት ግብዣ የሚሄዱት ወደዚያ ነው፤ በኢሊያድ መጀመሪያ ዜውስ ነቀፋ ከሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሄዶ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው።

ለዚያ ተማሪ በመጨረሻ የነገርኩት ስለ ሜምኖን ነው። የንጋት አምላክ ልጅ፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፤ የትሮዩ ልዑል ሄክቶር ከሞተ በኋላ ጦሩን ይዞ ትሮይን ሊረዳ የመጣ፣ የግሪኩን ንጉሥ የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኩስን የገደለ፣ በመጨረሻም በአኪሌስ እጅ የወደቀ። ከወደቀ በኋላ እናቱ ለልጇ ዜውስን ለምና የማይሞት አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ታላቁ የትሮይ ፊልም ስሙን እንኳ አያነሳም። «አንተ ጻፈው» አልኩት። ጀምሬያለሁ ብሎኛል፤ የመጀመሪያውን ገቢር እስኪያመጣልኝ እየጠበቅኩ ነው።