ጥያቄና መልስ፦ ዴሞክራሲ፣ ኑሮና ጦርነት በጥንቷ አቴንስ

ስለ ጥንቷ አቴንስ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል እዚህ መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

ፓርላማ ነበራቸው? ተወካዮቻቸውን እንዴት ይመርጡ ነበር?

እንደ ዛሬው ተወካይ የሚባል ነገር አልነበረም። ዜጋው ራሱ ፒኒክስ ወደሚባለው ኮረብታ ይወጣል፣ ክርክሩን ይሰማል፣ እጁን አውጥቶ ይወስናል። ጦርነትም ሆነ የእህል ጉዳይ እዚያው ነው የሚያልቀው። ለአንዳንድ ውሳኔዎች ቢያንስ 6,000 ሰው መገኘት ነበረበት።

አጀንዳ የሚያዘጋጀው የ500 ሰዎች ምክር ቤት ነው። የለውጥ መሪው ክሊስቴኔስ በ508 ገደማ ሕዝቡን በ10 ነገድ አዋቅሮ ነበርና ከየነገዱ 50 ሰው ለአንድ ዓመት ይገባበታል። የሚገቡት በዕጣ ነው።

በዕጣ? የማይችል ሰው ቢወጣስ?

ይህ ጥያቄ ያኔም ይነሳ ነበር። አቴናውያን ግን ይበልጥ የሚጠራጠሩት ምርጫን ነበር። ምርጫ ለሀብታሙ፣ ለታወቀውና አንደበቱ ለተባው ያደላል። ዕጣ ለማንም አያደላም። ደግሞም ዝም ብሎ የሚለቀቅ ሹመት አልነበረም። ለከፍተኛ ሹመት ዕጣ የወጣለት ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል፦ ወላጆችህን በደንብ ትይዛለህ? ግብር ትከፍላለህ? ዘምተሃል? ሥልጣኑን ሲያስረክብም ሂሳቡን ያወራርዳል።

የጦር አዛዥነት ግን ለዕጣ አልተተወም። 10ሩ ጄኔራሎች በየዓመቱ በድምፅ ይመረጣሉ፤ ደግሞ መመረጥም ይቻላል። ፔሪክልስ ለዓመታት የመራው በዚህ ሥልጣን ነው። ከአቴንስ አሠራር ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ዕጣ የት እንደሚበጅና የት እንደማይበጅ ለይተው ያውቁ ነበር።

ሴቶችና ባሪያዎችስ?

ድምፅ የላቸውም። ከሌላ ከተማ መጥተው የሚኖሩትም ግብር ይከፍላሉ፣ ይዘምታሉ፣ ግን አይወስኑም። በ451 በወጣው የፔሪክልስ ሕግ እናትም አባትም አቴናዊ ካልሆኑ ልጁ ዜጋ አይሆንም። ስለ አቴንስ ነፃነት ሲወራ ይህ ሲዘለል ደስ አይለኝም። በ480 ሳላሚስ ላይ ፋርስን ያሸነፉት መርከቦች የተሠሩት በአቴንስ ግዛት ካለው የላውሪዮን ማዕድን በወጣ ብር ነው። ያንን ብር መሬት ለመሬት እየዳሁ የሚቆፍሩት ባሪያዎች ነበሩ።

ምን ይበሉ ነበር?

በአብዛኛው ገብስ። ዱቄቱን በውሃ ወይም በዘይት ለውሰው ይበሉታል፤ የእኛን በሶ አስቡት። ከዚያ ወይራ፣ በለስ፣ አይብ፣ ዓሣ። ሥጋ በብዛት የሚገኘው የመሥዋዕት ቀን ነው። ስንዴው ግን ከጥቁር ባሕር በመርከብ ይመጣ ነበር። ባላንጣቸው ስፓርታ በ405 መርከቦቻቸውን ስታጠፋባቸው ከተማዋ ተራበች፤ በ404 እጅ ሰጠች።

የሚዘምተው ማን ነበር?

ለጦርነት እጁን ያወጣው ሰው ራሱ። ጋሻና ጦር መግዛት የሚችል በእግረኛነት ይሰለፋል። አቅም የሌለው መርከብ ይቀዝፋል፤ ይከፈለዋልም። አንዷ የጦር መርከብ 170 ቀዛፊ ትፈልጋለች። ከተማዋ ደሃውን ያለ ድምፅ ልታስቀረው ያልቻለችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሕዝቡ ከባድ ስህተት ሠርቶ ያውቃል?

ያውቃል። በ427 የሆነውን ልንገራችሁ። በሌስቦስ ደሴት ያለችው ሚቲሊኒ በአቴንስ ላይ አምፃ ተሸነፈች። ጉባኤው በንዴት ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ እንዲገደል፣ ሴቶችና ሕፃናት እንዲሸጡ ወሰነ። መርከብ ትእዛዙን ይዛ በዚያው ቀን ሄደች።

በነጋታው ሕዝቡን ጸጸት ያዘው። ጉባኤው እንደገና ተጠራ። ፖለቲከኛው ክሊዮን ውሳኔው አይነካ አለ። ዲዮዶቶስ ተቃወመ፤ ሲቃወምም እዘኑላቸው ብሎ አልለመነም፣ ግድያው ለአቴንስ ራሷ አይጠቅምም ብሎ ተከራከረ። ድምፅ ሲሰጥ ዲዮዶቶስ ለጥቂት አሸነፈ።

አሁን ሁለተኛ መርከብ ተላከች። የመጀመሪያዋ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድማታለች። የሚቲሊኒ መልእክተኞች ለቀዛፊዎቹ ወይንና የገብስ ዱቄት ሰጡ። ቀዛፊዎቹ በወይንና በዘይት የተለወሰውን ዱቄት እየቀዘፉ በሉ፤ በየተራ ተኙ። የፊተኛዋ ለክፉ ሥራ ስለተላከች አልቸኮለችም ነበር። በሚቲሊኒ የነበረው የአቴንስ አዛዥ ፓኬስ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አንብቦ ሊፈጽም ሲል ሁለተኛዋ ደረሰች። ከተማዋ ተረፈች። የአመፁ መሪዎች የተባሉት ከ1,000 በላይ ሰዎች ግን ተገድለዋል። ስለዚህ ታሪኩን እንደ ድል ብቻ አድርጌ መናገር አልችልም።

ይህን ሁሉ በምን እናውቃለን?

የሚቲሊኒን ታሪክ የጻፈው ቱሲዲደስ ነው። እሱም ጄኔራል ነበር፤ አምፊፖሊስ የተባለችውን ከተማ ከጠላት ስላላዳነ ለ20 ዓመት በስደት ኖሯል። ሕግና ሂሳብ የተቀረጸባቸው ድንጋዮችም አሉ። ሸክላ ስባሪም አለ። አቴናውያን አንድን ፖለቲከኛ ለ10 ዓመት ከከተማ ለማባረር ስሙን በስባሪ ላይ ጽፈው ድምፅ ይሰጡ ነበር። አክሮፖሊስ በሚባለው የአቴንስ ኮረብታ ሰሜናዊ ግርጌ ከሚገኝ አንድ ጉድጓድ የፖለቲከኛው የቴሚስቶክሊስ ስም ያለባቸው 190 ያህል ስባሪዎች ወጥተዋል። የእጅ ጽሑፋቸው ሲመረመር የ14 ሰዎች ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ተቃዋሚዎቹ አስቀድመው ጽፈው ለማደል አዘጋጅተዋቸው ነበር ማለት ነው።