መጀመሪያ እሷን ጠይቋት

እህቴ፣ የ16 ዓመት ልጅሽ አዲሱን ሰው ሠራሽ እግር «ያስጠላል» ብላ አላደርግም እንዳለች ጽፈሻል። እንዴት ላሳምናት ነው ጥያቄሽ። ብዙዎች «ዋናው መራመዷ ነው፣ ትለምደዋለች» ብለውሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅቷ ልክ ናት።

እኔ ግራ እግሬን ከጉልበት በታች ያጣሁት በ19 ዓመቴ ነው። ለመጀመሪያው እግር ልኬን ወሰዱ፣ ሲያልቅ ጠርተው ሰጡኝ፣ በቃ። ቀለሙ እንደ ፈረንጅ ገላ የነጣ ነበር። ልክክ ብሎ ይገጥመኛል፣ አያመኝም። ግን ቁጭ ብዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንዱ የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል። አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ከትቼው በክራንች ሄድኩ። ቤተሰቦቼ «አሟት ነው» ሲሉ እኔም መልኩን ጠልቼው ነው ማለት ስለማፍር ዝም እላለሁ።

ሁለተኛውን የሠራልኝ ባለሙያ ገና ሳይለካኝ «ቀን ቀን ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» አለኝ። ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና እንደማፈላ፣ ቤተ ክርስቲያን ጫማ እንደማወልቅ ነገርኩት። የምታዘወትሪውን ጫማ ይዘሽ ነይ አለኝ። ለካ እግሩ የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ልክ ነው፤ ከዚያ ከፍ ያለ ጫማ ሲደረግ ጉልበትን ወደፊት ይገፋል። ከአሮጌ ቀሚሴ ላይ ጥለቱን ቆርጬ ወሰድኩለት፣ እሱም ሶኬቱን፣ ማለትም የተቆረጠው እግር የሚገባበትን ክፍል ሲሠራ ጨርቁን በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ማጣበቂያ) አጣብቆ አስገባልኝ። አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት፣ ከጉልበቴ በታች ዙሪያውን! ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ነው።

ይሄን ቅንጦት የሚል ካለ ጃይፑር እግር የሚባለውን የህንድ ሰው ሠራሽ እግር ይይ። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ሰዉ በባዶ እግሩ ስለሚሄድና መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ነው፤ የፈረንጁ እግር ጫማ ይፈልግ ነበር። ሁለት እግሮቿ ከጉልበት በታች የተቆረጡት አሜሪካዊቷ አትሌት ኤሚ ማሊንስም በ1998 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ በአሌክሳንደር ማክኩዊን የፋሽን ትርኢት ከእንጨት በተቀረጹ እግሮች ስትወጣ እግሮቹ ቡት ጫማ የመሰሉት ሰው ነበር። ለልጅሽ ፎቶውን አሳያት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አንቺ አትናገሪላት። ባለሙያው ወደ አንቺ እያየ ከጠየቀ «እሷን ይጠይቋት» በይ። ጫማዋንም የምትወደውን ጨርቅም ይዛ ትሂድ። እስከዚያው ልብስ ሰፊ በእግሩ ልክ ሽፋን ሊሰፋላት ይችላል፤ የኔን እህቴ ነበረች የሰፋችልኝ። ቀለሙን ግን ራሷ ትምረጥ። ብርቱካናማ ካለች ብርቱካናማ ይሁን።