ከትምህርት ቤቱ ደወል በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ይቁጠሩ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 6ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። አሁን ባለችበት ትምህርት ቤት ልጆቹ መምህር ይሳደባሉ፤ እጁን አውጥቶ የሚመልስ ይሳቅበታል። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሁለቱም ባነራቸው ላይ «በሥነ ምግባር የታነጸ ትውልድ» ብለው ጽፈዋል። ልጆቹ በእርግጥ ሰው የሚያከብሩና መማር የሚወዱ መሆናቸውን በምን ልወቅ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጎበኘው ለምዝገባ፣ ነሐሴ ላይ በመሆኑ የሚያየው ባዶ ክፍልና አዲስ ቀለም ነው። እርስዎ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ ልጆች እየተማሩ ሳለ ይሂዱ። የፈተና ሳምንትን ይዝለሉት፤ ያን ሰሞን የማይጨመት ትምህርት ቤት የለም።

ጥበቃው ዝም ብሎ ስለማያስገባ ስለ ምዝገባ ለመጠየቅ መምጣትዎን ይንገሩት። የረፋዱ እረፍት ሊያልቅ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰዓት አለፍ ብሎ፣ ግቢ ውስጥ ይሁኑ። ደወሉ ሲደወል ሰዓትዎን ይዩ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ልጆቹ ገብተው ትምህርት ከተጀመረ ደህና ነው። 10 ደቂቃ አልፎም ግቢው ውስጥ የሚንከራተት ካለ፣ ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሩቡ ባከነ ማለት ነው። ጥፋቱን ግን በልጆቹ ላይ ብቻ አይጣሉት። መምህሩ ሻዩን ጨርሶ እስኪመጣ ልጁ ምን ሊያደርግ ይቸኩላል?

ርዕሰ መምህሩን ሲያገኙ «መምህር ሲቀር ማን ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። ረብሻ የሚለመደው መምህር በሌለበት ክፍል ነውና። የተተኪዎች ፕሮግራም ካሳዩዎት ጥሩ ነው። «ሞኒተሩ የሚረብሹትን ስም ይጽፋል» ካሉዎት የአዋቂ ሥራ ለልጅ ተሰጥቷል።

ጸጥታን ለብቻው አይመኑት። አርጩሜ ያለበት ክፍልም ጸጥ ይላል፤ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ወይም ሲወጣ ግን ይፈነዳል። ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቀ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ደንግጓል፤ ስለዚህ «እኛ ጋ ትንሽ ትንሽ ይቆነጠጣሉ» የሚል ርዕሰ መምህር ሕግ መጣሱን ነው የሚነግርዎት። የተማሪዎች መተዳደሪያ ደንቡን ያስወጡ። የመጀመሪያ ጥፋት ምን እንደሚያስከትል፣ ወላጅ መቼ እንደሚጠራ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ቅጣቱ በዕለቱ መምህር ስሜት የሚወሰን ይሆናል። ልጆች ደግሞ አድልዎ ያለበትን ቅጣት አያከብሩም።

ከሁሉም በላይ የሚናገረው ደብተር ነው። ቢሮ ውስጥ የሚያሳዩዎት ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ ደብተር ስለሆነ እሱን ይተዉት፤ እዚያ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ጎረቤቶችዎን የሂሳብና የእንግሊዝኛ ደብተር ይለምኑ። ሦስት ልጆች ይበቃሉ፤ አንዱ በውጤቱ መካከለኛ ይሁን። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ገጾች ይግለጡ። የቤት ሥራው ታርሟል? የተሳሳተው ጥያቄ ላይ ልጁ እንደገና ሠርቶበታል? ቀይ ራይት ብቻ ተደርድሮ ስህተቱም አብሮ ራይት ተደርጎ ካገኙ፣ መምህሩ ሳያነብ ይፈርማል ማለት ነው። ሥራው እንደማይነበብለት ያወቀ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ከጓደኛው መገልበጥ ይጀምራል፤ ኩረጃው ከዚያ ነው የሚነሣው። ጉብኝቱ ነሐሴ ላይ ከሆነብዎት ቢያንስ ይህን ያድርጉ፤ ያለፈው ዓመት ደብተር አይጠፋም።

በር ላይ ከሚወጡት ልጆች ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው «ዛሬ ማን ጥያቄ ጠየቀ?» ይበሉ። «ቀለሜ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚሉትም ያዳምጡ። እየሳቁ በአድናቆት ይሉታል ወይስ ሲያሸማቅቁ? ለልጅዎ ችግር ከዚህ የቀረበ መለኪያ የለም።

በወረቀት ላይ ባለው ውጤት አይደንግጡ፣ አይታለሉም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የብዙዎቹ ካርድ ግን ሌላ ነበር የሚለው። «8ኛ ክፍልን መቶ በመቶ አሳልፈናል» ሲሉዎት «ከዚያ በፊት 7ኛ ክፍል ስንት ነበሩ?» ብለው ይጠይቁ። ደካሞቹን ከፈተናው በፊት በመሸኛ የሚያሰናብት ትምህርት ቤት አለና። የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቢሮ የትምህርት ቤት ምዘና) ደረጃውንም ይጠይቁ፤ የሚሰጠው ከ1 እስከ 4 ነው። ጥቅሉን ቁጥር ብቻ አይውሰዱ፤ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ለየብቻ ስለሚመዘኑ «ሂደት» የሚለውን ገጽ ያስከፍቱ። ማስተማሩና መማሩ የሚታየው እዚያ ነው፤ ግብዓቱ ያማረ ሕንፃ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ጎበዝ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ እየተሳቀበት አሁን እጁን ማውጣት ትቷል። ትምህርት ቤት ልቀይርለት? (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ገና አይቸኩሉ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ 9ሀ እና 9ለ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያነጋግሩና መጀመሪያ የመቀመጫ ለውጥ፣ በሦስት ሳምንት ካልተሻለ የሴክሽን ለውጥ ይጠይቁ። ሲያነጋግሩ «ይስቁበታል» ብቻ አይበሉ፤ በየትኛው ትምህርት፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ ምን እንዳለ ይዘው ይሂዱ። ሳቁ የሚጸናው መምህሩ አብሮ ፈገግ ሲል ነው፤ እሱ ደግሞ በርዕሰ መምህሩ በኩል ይታረማል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ የመንፈቀ ዓመቱን መጨረሻ ይጠብቁ። በመሀል ከሄደ የተከታታይ ምዘናው ነጥብ ይበታተናል፤ አዲሱ ትምህርት ቤትም ምዕራፉን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይጠብቀዋል። መሸኛ ከመጠየቅዎ በፊት ተቀባዩ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው በጽሑፍ ያስይዙ። መሸኛው ከወጣ በኋላ የልጅዎ ወንበር ለሌላ ሊሰጥ ይችላል።