ወተቱ በእውነት በዛ?

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ወተቱን ከሰፊ ኩባያ ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ስገለብጥለት «በዛ!» ይላል። የ9 ዓመት እህቱ ትስቅበታለች። አእምሮው ዘግይቶ ይሆን? (እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አልዘገየም፣ አይስጉ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እንዳስተዋለው፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ያለ ልጅ ዓይኑ ከፍታው ላይ ይተከላል፤ ስፋቱን አብሮ አያመዛዝንም። ወተቱን በሐሳቡ ወደ ኩባያው መመለስም ገና ነው። አደራደር ሲቀየር ቁጥር እንደማይቀየር ቀድሞ ይገባዋል፣ ቅርጽ ሲቀየር ክብደት እንደማይቀየር መረዳቱ ግን ይዘገያል።

ሊሞክሩት ከፈለጉ 6 ባቄላ በመስመር፣ ሌላ 6 ከሥሩ ትይዩ ይደርድሩ። የታችኛውን ዘርዘር አድርገው «እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ይበዛል?» ይበሉት፤ አንዴ ብቻ። ደጋግመው ከጠየቁት «ተሳሳትኩ ማለት ነው» ብሎ መልሱን ሊቀይር ይችላል (ፒያዤም ሁለቴ እየጠየቀ ተተችቶበታል)። ከዚያ ባቄላውን ራሱ ይሰብስበው፣ ራሱ ይዘርጋው። እህቲቱ ግን መሳቋን ትተው።