ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ለምን ይስባል? ጥያቄና መልስ

መካኒኩ፦ ዛሬ የምመልሰው ስለ ፍሬን ብቻ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ መኪናው ምንድን ነው? ወደ የትኛው ጎን ይስባል? ፍሬን ሳትይዙስ ይስባል? እነዚህን ሳትነግሩኝ «ምን ይሆን?» ካላችሁኝ እኔም ጠንቋይ አይደለሁም።

ባለ ቪትዝ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ? ቪትዝ ናት። ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትስባለች። ሳልይዝ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጋራዥ ወስጃት የግራውን የፍሬን ሸራ ቀየሩልኝ። ምንም ለውጥ የለም።

መካኒኩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲጠየቅ እንዲህ ነው።

መኪና የሚስበው የበለጠ ወደሚይዘው ጎን ነው። ወደ ግራ ከሳበች ግራው በደንብ እየያዘ ቀኙ ሰንፎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚስበውን ጎን ይፈታና ጤነኛውን ያስቀይራል። ደግሞ ሸራ በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም። አዲስና አሮጌ ሸራ እኩል አይዙም። አሁን ችግሩን ሁለት አድርገውልሃል።

ምንም ሳትገዛ ይህን አድርግ። ሰው በሌለበት መንገድ ትንሽ ንዳትና ፍሬን ደጋግመህ ያዝ። ቁምና እጅህን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አስጠጋ። ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ እንዳትነካ፣ ይጠብስሃል። አንዱ ከሌላው በጣም ቀዝቅዞ ካገኘኸው እሱ አልሠራም። ቀጥሎ ደግሞ ፍሬን እምብዛም ሳትይዝ ነድተህ ተመልከት። ያኔም አንዱ የሚግል ከሆነ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው።

ቀዝቃዛውን ጎን ስትፈታ ሁለቱን ሸራዎች አስተያይ። የውስጡ አልቆ የውጩ ወፍራም ከሆነ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል። ፒኖቹን አውጥተህ አጽዳ፣ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ቀባ። ተራ ግሪስ የፒኑን ጎሚኒ (ላስቲኩን) ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ፒኑ ከበፊቱ ብሶ ይጣበቃል። ስንት ሰው ለሸራ ብር የሚከፍለው ለሁለት ፒን ብሎ ነው!

መኪና በክሪክ ብቻ ቆማ ከሥሯ አይገባም። መደገፊያ አድርግ።

አዲስ መንጃ ፈቃድ፦ ጋሼ የኔም ይስባል። ምን ላድርግ?

መካኒኩ፦ ወዴት? መቼ? ምን መኪና?

ባለ ዲኤክስ፦ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ይስባል። ሁለት ሦስቴ ከያዝኩ በኋላ ይተዋል።

መካኒኩ፦ ሌሊት ዲስኩ ላይ እርጥበት ያድርና ስስ ዝገት ይይዛል። ስትይዝ ይጠረጋል። ከታጠበ በኋላም እንዲሁ ነው። ካልቆየብህ ተወው።

ባለ ሃይሉክስ፦ ሃይሉክስ፣ ወደ ቀኝ። ፍሬኑን ከለቀቅኩ በኋላም ትንሽ ይጎትታል። የቀኙ ቸርኬ ይግላል። ካሊፐሩን ቀይር ብለውኛል። ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሰፈር፣ ጠይቄ ዋጋው አስደነገጠኝ።

መካኒኩ፦ እንዳትገዛ! መጀመሪያ የፍሬን ዘይት ወደ ካሊፐሩ የሚያደርሰውን የላስቲክ ቱቦ እንይ። ስለዚህች ቱቦ ስናገር ጉሮሮዬ ደርቋል። ከላይ ስታያት አዲስ ትመስላለች። ውስጧ ግን በዕድሜ ያብጥና ይላላጣል። እግርህ ሲረግጥ ኃይል ስላለው ዘይቱ ጥሶ ያልፋል። ስትለቅ የሚመልሰው ኃይል ትንሽ ነው፤ ዘይቱ እዚያው ይታሰራል። ካሊፐሩም እንደያዘ ይቀራል።

ፈተናው ቀላል ነው። መኪናውን አንሳ፣ መደገፊያ አድርግ፣ በክሪክ ብቻ አይሆንም። ፍሬኑን ረግጠህ ልቀቅ። ጎማው በእጅ አልዞር ካለ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን በትንሹ ፍታ። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታስሮ ነበር፤ ካሊፐሩ ጥፋት የለበትም። ብዙ ጊዜ ቱቦው ነው። ብሎኑን ፈትተህም አልለቅ ካለ ግን ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወይም ፒኖቹ ናቸው። ሲያልቅ አየሩን በደንብ አስወጣ፣ ዘይቱን ሙላ። ቱቦ ከቀየርክ የሁለቱንም ጎን ቀይር፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው።

ደግሞ ሸራ ስትቀይሩ ካሊፐሩን በቱቦው አታንጠልጥሉት። በሽቦ እሰሩት።

የሚኒባስ ሹፌር፦ እኛ ሁሉንም በቤንዚን አጥበን እንገጥማለን። አንድ ቀን ችግር ገጥሞን አያውቅም።

ባለ ቪትዝ፦ ቤንዚን ጎሚኒ ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሚኒባስ ሹፌር፦ በወሬ መኪና አይሠራም ወንድሜ።

ባለ ኤሌክትሪክ፦ ኤሌክትሪክ ግዙና ከቤንዚንም ከመካኒክም ተገላገሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት የተከለከለው በምክንያት ነው።

የሚኒባስ ሹፌር፦ መብራት ሲጠፋ በምን ትሄዳለህ?

ባለ ኤሌክትሪክ፦ አንተስ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ስታድር?

መካኒኩ፦ በቃ! ቤንዚን የፍሬን ጎሚኒ ያበላሻል። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። የኤሌክትሪክ ሞተር አልነካም፣ ፍሬኑ ግን ያው ዲስክና ካሊፐር ነው። እንዲያውም ፍጥነቱን ሞተሩ ስለሚቀንሰው ሸራው እምብዛም አይሠራም፤ ዲስኩ ይዝጋል፣ ፒኑ ይደርቃል። ስለዚህ ከመካኒክ አልተገላገልክም።

እህት ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ዊል አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቼ ነበር፣ አሁንም ፍሬን ስይዝ ይስበኛል። ከፊት «ቋ» የሚል ድምፅም አለ።

መካኒኩ፦ አንቺ ድምፁን በመናገርሽ ተባረኪ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሳበ አላይመንት የመጀመሪያ ተጠርጣሪ አይደለም። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ጎሚኒ አልቆ ይሆናል። ስትይዢ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሽና አቅጣጫው ይዛባል። ጎሚኒው ሳይቀየር አላይመንት ማሠራት ብር መጣል ነው። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን መጋጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱንም አስፈትሺ።

ሌላ ጠያቂ፦ የጎማ ንፋስ ማነስ መኪናውን እንዲስብ ያደርገው ይሆን?

መካኒኩ፦ አዎ። ንፋሱን ለካ።

ሌላ ጠያቂ፦ የኋላ ፍሬንስ?

መካኒኩ፦ አብዛኛውን የሚይዘው የፊቱ ነው፤ ስለዚህ መሳቡም የሚብሰው በፊቱ ነው። የኋላው ታምቡር ውስጥ ዘይት አፍስሶ ሸራው ከራሰ ግን ቂጧን ትወረውራለች። የራሰ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት አይድንም። የሚያፈሰውን አስቁምና በሁለቱም ጎን ቀይር።

አዲስ መንጃ ፈቃድ፦ ጋሼ አልመለሱልኝም። በቃ ሸራ ልቀይር?

መካኒኩ፦ አንተ ልጅ!

የባህር ዳር መንገደኛ፦ ነገ በጎጃም መንገድ ወደ ባህር ዳር ልወጣ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ይስባል። ወደ ግራ ሲስብ መሪውን ወደ ቀኝ ይዤ እለምደዋለሁ። ችግር አለው?

መካኒኩ፦ አለው! እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው። ወደ ግራ ሳበህ ማለት ከፊት የሚመጣ መኪና ላይ ወረወረህ ማለት ነው። በዝግታ ስትይዝ ትንሽ ያልከው፣ ድንገት ስትረግጥ መሪውን ከእጅህ ሊነጥቅህ ይችላል።

ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃን ስትወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። አንዱ ጎን ሰንፎ ሌላው ብቻውን ሲይዝ፣ የሚይዘው ከመጠን በላይ ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ከፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ዘይቱን መቼ እንደቀየርከው የማታስታውስ ከሆነ ዛሬ አስቀይረው። ሁለት ዓመት ካለፈውም ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የቀዝቃዛ ቸርኬውን ፈተና ሥራ፤ ለቪትዙ ልጅ ጽፌዋለሁ። ስትወርድ ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን ያለማቋረጥ አትርገጥ።

የባህር ዳር መንገደኛ፦ ነገ ማለዳ ቀጠሮ አለኝ እኮ፣ ጋራዥ የምሄድበት ጊዜ የለኝም።

መካኒኩ፦ በአውቶቡስ ሂድ።