የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ግራፊክስ ካርድና ጌም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ያገለገለ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ካርድ አለው። ጌም ከጀመረ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ስክሪኑ በአረንጓዴና በሮዝ ካሬዎች ይሞላል፤ ከዚያ ጌሙ ይዘጋል። ጥገና ቤት ብንወስደው «ካርዱ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» አሉን። እውነት ነው? (እናት፣ ከሰበታ)

መልስ፦ እስካሁን በጻፉልን ብቻ ሞቷል ማለት አይቻልም። ዋናው ነገር ካሬዎቹ የሚታዩበት ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበራ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ ገና የማዘርቦርዱ አርማ ላይ ከታዩ ጉዳቱ የካርዱ ሚሞሪ ወይም ቺፑ ላይ ነው፤ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) መቀያየር ምንም አይፈይድም። ጌሙ ከቆየ በኋላ ብቻ ከመጡ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው፤ የልጅዎም ካርድ ምልክቱ ይኸው ነው።

ልጅዎ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ያውርድና የካርዱን ሙቀት የሚያሳየውን «ሴንሰርስ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ ጌሙን ይጫወት። ይህ ካርድ የሚበላው 60 ዋት ብቻ ስለሆነ በደህናው ጊዜ ከ75 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። አምራቹ ያስቀመጠው ጣሪያ 95 ነው፤ ወደ 90 እየተጠጋ ከሆነ ማቀዝቀዣው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። የእኛ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ያው ፋን በቆላ ከሚያወጣው ያነሰ ሙቀት ያወጣል። በዚያ ላይ የኮረኮንች መንገድ አቧራ አለ። ኬዙ ወለል ላይ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ።

ለማጽዳት መብራቱን ነቅላችሁ ካርዱን አውጡ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር ስታስወጡ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በንፋስ ኃይል ከተሽከረከረ መያዣው ይጎዳል። ሂት ሲንኩን (ቺፑ ላይ የተቀመጠውን የብረት ማቀዝቀዣ) የያዙትን ከጀርባ ያሉ አራት ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ ፍቱ። አንዱን ጥግ ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ ቺፑን ሊሰነጥቀው ይችላል። የደረቀውን ተርማል ፔስት (ሙቀትን ከቺፑ ወደ ሂት ሲንኩ የሚያስተላልፈውን ቅባት) በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉና አዲሱን የምስር ፍሬ በሚያክል መጠን መሃል ላይ አድርጉ። ሚሞሪው ላይ የተለጠፈ ለስላሳ ፓድ ካለ አትላጡት፤ ውፍረቱ ያልተመጣጠነ ምትክ ከገባ ሂት ሲንኩ ቺፑን አይነካም። ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባውን የወርቅማ ጥርስ በንጹሕ ላጲስ አሽታችሁ መልሱት።

ሙቀቱ ወርዶም ካሬዎቹ ከቀጠሉ በኤምኤስአይ አፍተርበርነር (የካርዱን ፍጥነት በሚያስተካክል ፕሮግራም) የሚሞሪውን ፍጥነት በ200 ሜጋኸርዝ ቀንሱ። ካሬዎቹ ከጠፉ የደከመው ሚሞሪው ነው፤ በዚያው በተቀነሰው ፍጥነት ለተወሰነ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ካርዱን ኦቨን ውስጥ ማሞቅን የሚመክሩ አሉ፤ አታድርጉት። ቢነሳ እንኳ ብዙ ሳይቆይ ይመለስበታል፤ ጭሱም ምግብ የምታበስሉበትን ምድጃ ይበክላል።

ጥያቄ፦ ጂቲኤክስ 660 አለኝ። አዲሱ ድራይቨር አልጫንም ይላል። አንዳንድ ጌም ደግሞ «ዳይሬክትኤክስ 12» ይጠይቀኛል። ማታ ማታ ኮምፒዩተሩ ራሱ ድርግም ብሎ ይነሳል። (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ሦስቱም የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ካርድዎ በ2012 የወጣ የኬፕለር ትውልድ ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ አዳዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2021 ነው፤ ስለዚህ የሚፈልጉት የ470 ተርታ ድራይቨር ነው። አውርደው ካስቀመጡ በኋላ ኢንተርኔቱን ይንቀሉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ የራሱን መልሶ ይጭንብዎታል። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብተው ዲዲዩ በተባለው የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም አሮጌውን ጠራርገው ያጥፉ፣ እንደገና አስነስተው ይጫኑ፣ በመጨረሻ ኢንተርኔቱን ይሰኩ።

ዳይሬክትኤክስን (ጌሞች ካርዱን የሚያዙበትን የዊንዶውስ ክፍል) በተመለከተ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ዲኤክስዲያግ የተባለውን መመርመሪያ ሲከፍቱ «12» የሚል ቢያዩም እሱ የዊንዶውሱ ነው። የካርዱን አቅም የሚነግርዎ «ዲስፕሌይ» ገጽ ላይ ያለው «ፊቸር ሌቭልስ» መስመር ነው፤ በእርስዎ ካርድ የሚቆመው 11.0 ላይ ነው። 12.0 የሚጠይቅ ጌም በምንም ዘዴ አይከፈትም። ጌሙ ዳይሬክትኤክስ 11ን የመምረጥ ዕድል ከሰጠ ግን ይሞክሩት።

የማታው ችግር ከግራፊክስ ሴቲንግ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ድራይቨር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ጌሙ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ከጠፋ ግን ፓወር ሰፕላዩን ወይም የመብራቱን ኃይል ይጠርጥሩ። ካርዱ እስከ 140 ዋት ይወስዳል፤ አምራቹም 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ባለ 6 ፒኑ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የመጣ ነው ወይስ በአዳፕተር የተቀጠለ? ቅጥሉ ከሞቀ ወይም ከጠቆረ ዛሬውኑ ያውጡት። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት አምፖልዎ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ስታቢላይዘር ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። 1050 ቲአይ ነው ብለው የሸጡልኝ ካርድ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ያወረድኩትን ድራይቨር ስጭንበት ስክሪኑ ይጠፋል። (ከቡራዩ)

መልስ፦ ካርድህ ስሙ የተቀየረ አሮጌ ካርድ ሳይሆን አይቀርም። ከኋላ ያሉትን መሰኪያዎች ተመልከት። የ10 ተርታ ቺፕ የአናሎግ ምስል አያወጣም፤ ስለዚህ ሰማያዊ ቪጂኤ መሰኪያ ካለው ጠርጥር። ነጩን ዲቪአይም እይ፦ ከጠፍጣፋው ሰረዝ ዙሪያ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት አናሎግ ነው፤ በትክክለኛው ካርድ ላይ አይኖሩም። ከዚያ ጂፒዩ-ዚን ክፈት። ትክክለኛው 1050 ቲአይ 768 ሼደር (ምስሉን የሚያሰሉ የቺፑ ክፍሎች) አለው፤ 192 ካየህ ከ2010 ወይም ከ2011 የመጣ ካርድ ነው። አዳዲሶቹ የጂፒዩ-ዚ ቅጂዎች ከስሙ ፊት «ፌክ» ብለው ይጽፉልሃል። ያንን ገጽ ፎቶ አንሳና ካርዱን ለሻጩ መልስ። ስሙ የተቀየረበትን ባዮስ (ካርዱ ውስጥ የተጻፈውን ፕሮግራም) ወደ ቀድሞው መመለስ ቢቻልም የከፈልከውን ዋጋ አያወጣም። ሌላ ስትገዛ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዘህ ሂድ፤ መጫን ሳያስፈልገው ስለሚከፈት ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ማየት ትችላለህ።